የእትዬ ጥሩወርቅ ጠብታና የጋሽ ገብረወልድ ሚዛን

ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ሰው ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት ቢያንስ በአንድ ጎረቤት ታክሟል። ይህ ሕግ ነው። የሰፈር ሐኪም ነጭ ጋዋን የላትም፤ ነጠላ አላት። ማዳመጫ የላትም፤ ስልክ አላት። ወረፋ አታስጠብቅም፤ እንዲያውም ያልታመመውን ሰው በሩን አንኳኩታ ትጠራዋለች። ካቻምና ያዘዘችው ነጭ ሽንኩርት በማር ነበር፣ አምና ጥቁር አዝሙድ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሌላ። መድኃኒቱ ይለዋወጣል እንጂ የሐኪሟ እርግጠኝነት ንቅንቅ አይልም።

የከዚራ ሰፈር ሐኪም ክብርት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው ሙቀቱ ብቻ ነው ይባላል፤ እሳቸውንም ፊት ለፊት አንቱ ያለ ሰው የለም። ከኋላቸው ሲወራ ግን አንቱታው ሳይጠሩት ይመጣል። ዕውቀት እንዲህ ሲበዛ ሰው ምን ያድርግ?

አጥር ተጋሪያቸው ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው ግንብ ከደረት አይበልጥም፤ ስለዚህ ጋሽ ገብረወልድ ካልታወሩና ካልደነቆሩ በቀር ከሕክምናው የሚያመልጡበት መንገድ አልነበራቸውም። ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው የምሥራች ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ጠዋት ግቢያቸውን ይጠርጋሉ፣ ሎሚያቸውን ውሃ ያጠጣሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ። ከዚያ በላይ ከማንም የሚፈልጉት ነገር የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ይፈልጓቸዋል።

ሁሉም ነገር የተጀመረው እትዬ ጥሩወርቅ በስልካቸው ውስጥ አንድ ቃል ባገኙ ጊዜ ነው። ቃሉ ሆርሞን ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ በከዚራ ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ጠፋ። ከበስተጀርባቸው የምትኖረው ዚነት ፍየሏ ወተት ከለከለቻት። «ሆርሞን ነው!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ሳያዩዋት። በሦስተኛው ቀን ግልገሏ ከገመዷ እያመለጠች ስትጠባ ተያዘች። «አየሽ፣ የግልገሏ ሆርሞን ነው» አሉ። የማዶው ባለሱቅ ከሚስቱ ተጣላ፤ ሆርሞን ነው። ጋሽ ገብረወልድ ራሳቸው የተመለጠው ገና በሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ አያታቸውም አባታቸውም መላጣ ነበሩ።

«ያኔ ማን ነግሮህ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ በግንቡ ላይ ተደግፈው፣ የሟች ዘመድ ያህል እያዘኑላቸው። «በጊዜው ብትደርስበት ኖሮ እኮ ሆርሞን ነበር።»

ጋሽ ገብረወልድ ሬዲዮኑን ጮክ አደረጉ።

ከሰኔ ሚካኤል ማግስት ጠብታው መጣ። ከታይዋን ገበያ፣ ሽቶና የፊት ቅባት ከምትሸጥ ሴት ዘንድ የተገኘ፣ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ናት። አጠቃቀሙን ያስተማረቻቸው ስልክ ውስጥ ያለች አንዲት ፈገግተኛ ሴት ናት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዐሥር ዐሥር ጠብታ ከምላስ ሥር። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሚበላው መዳፍ የማትሞላ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ አንድ እፍኝ ጎመን፣ አንድ ፍራፍሬ፣ የፈለጉትን ያህል ሎሚ በውሃ። በቀን አምስት መቶ ካሎሪ። ከዚያ በላይ አንዲት ጉርሻ ከተጨመረች ሆርሞኑ ይቀየማል።

«ይኼ ሆርሞን የእርጉዝ ሴት ነው» ብለው አስረዱ፤ ዚነትና ጋሽ ገብረወልድ ሳይጠይቁ። «እርጉዝ ሴት ሳትበላ እንኳ ልጇ ከሰውነቷ ይመገባል አይደል? ይኼም እንደዚያ ነው። ስቡን ራሱ ያወጣና ይመግብሻል፤ ረሃብ የለም።»

«ከእርጉዝ ሴት ምኗ ነው የሚወጣው?» አለች ዚነት።

እትዬ ጥሩወርቅ የጠርሙሷን ክዳን አጠበቁ። «ይጣራል።»

«ምኑ ነው የሚጣራው ጥሩዬ?»

«ከሽንቷ ነው፣ ግን ይጣራል አልኩሽ!»

«ወላሂ! አቦ፣ ሽንት ነው የምትጠጪው?»

«ሽንት አይደለም፣ ሆርሞን ነው!»

ነገሩ ግን እሳቸውንም ሳያሳስባቸው አልቀረም፤ ለንስሐ አባታቸው ነገሯቸው። አባም ለመድኃኒት ከሆነ ጾም አይገድፍም ካሉ በኋላ፣ ከምን እንደሚሠራ ዳግመኛ እንዳይነግሯቸው ለመኑ።

የጋሽ ገብረወልድ ግቢ ክሊኒክ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ነበር፤ ሚዛን አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ለገሃር ባቡር ጣቢያ የዕቃ መዛኝ ሆነው ሠርተዋል። የአሮጌው መጋዘን ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ፣ ሌላው ሰው ቆርቆሮና ጠረጴዛ ሲሻማ፣ እሳቸው የኖሩበትን ሚዛን ገዝተው በጋሪ አስጭነው መጡ። ከታች ጆንያ የሚጫንበት የብረት ሰሌዳ አለው፤ ከላይ ቁጥር የተቀረጸበት ክንድ፣ በክንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ የናስ ጭብጥ። የምሥራች ያን ቀን «ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ሰዓት ይሸለማል» ብላ ስቃባቸው ነበር። በኋላ ግን እሷና ጥሩወርቅ ተያይዘው በላዩ ይወጡና በሳቅ ይፈርሱ ነበር፤ ሁለቱም ከሰማንያ አምስት አያንሱም።

ያ ሚዛን አንድ ጠባይ አለው። ክንዱ ላይ የሚያርፈውን አንዷን ግራም መቶ አድርጎ ነው የሚቆጥራት። ለዚህም ነው ነጋዴዎች ጭነት ሲያስመዝኑ፣ የሚከፍሉት እንዲያንስ፣ ጠጋ ብለው «ጋሼ፣ አንዲት ዳዶ ብቻ ከኋላ አንጠልጥልልን» ይሏቸው የነበረው። ብሎን የምታጠብቅ አንዲት ዳዶ፣ አርባ ግራም፣ በክር ከክንዱ ጫፍ ብትታሰር ከጆንያው አራት ኪሎ ትውጣለች። ጋሽ ገብረወልድ አንድም ቀን አላንጠለጠሉም። ሰው የሚኮራበት ነገር ይለያያል፤ የእሳቸው ይኸው ነበር። የለገሃር ዕቃ ጫኞች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ ከእነሱም አንዱ የእትዬ ጥሩወርቅ አባት ነበሩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ጫማቸውንና ጉትቻቸውን አውልቀው በጆንያው ቦታ ይቆማሉ። ጋሽ ገብረወልድ ናሱን ይገፋሉ። የሰፈሩ ሴቶች ይከባሉ።

«ሰማንያ ስድስት።»

«ሰማንያ ሦስት ከግማሽ።»

«ሰማንያ አንድ።»

በየሳምንቱ እልልታ ነበር። «አልነገርኩህም? ሆርሞን ነው!» ይሏቸዋል ሲወርዱ። ጋሽ ገብረወልድ «ጾም ነዋ» ሊሉ ይፈልጉና ይተዉታል። ከእሳቸው ጋር መከራከር ከባቡር ጋር መገፋፋት ነው።

«እስከ ስንት ልትወርጂ ነው?» ብለው አንድ ቀን ጠየቁ።

«ሰባ። ሰባ ስገባ ጠብታውን እጥለዋለሁ፤ እንደ ሰው እበላለሁ። ከሰባ በፊት ግን አንድ ግራም አትለምነኝ።»

ለምን ሰባ እንደሆነ አልተናገሩም።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ መጣ። እዚህ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስልክ ውስጥ ያለችው ፈገግተኛ ሴት በሕልሟም ያላሰበችውን ስሌት ሠሩ። የጠብታው ሕግ እህል ይከለክላል፤ ሥጋና ዓሣ ይፈቅዳል። ፍልሰታ ሥጋን ይከለክላል፤ እህል ይፈቅዳል። እሳቸው ሁለቱንም ሕግ አከበሩ። የቀራቸው ጎመን ነው። ጎመን፣ ግማሽ ብርቱካን፣ ሎሚ በውሃ፤ ያውም ከቅዳሴ በኋላ። የድሬ ነሐሴ ደግሞ ጥላ ሥር የተቀመጠውንም ያቀልጣል።

ሌሎችን ግን ማብላት አልተዉም። የምሥራች ከሞተች ጀምሮ ቀትር ላይ በግንቡ ላይ የተከደነ ሳህን ይመጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ በድንች። ሳህን ባዶ አይመለስምና ጋሽ ገብረወልድ ከጓሯቸው ሎሚ ቆርጠው አድርገውበት ይመልሳሉ። ድሮ ብስኩትም ሙዝም ይመልሱ ነበር፤ አሁን «ሎሚ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ» ተብለዋል። አንዲት ሴት ራሷ ጎመን እያላመጠች ሳህን ሙሉ ምስር በግንብ ላይ ስታሻግር ማየት ጋሽ ገብረወልድን ያበግናቸው ነበር። ከሳህኑም ግማሹን እንኳ አይጨርሱትም።

«ብላ እንጂ! አንተን ደግሞ ማን ጠብታ አዘዘልህ?»

«አንቺስ ብትበዪ?»

«እኔ አልራበኝም። ሆርሞን ነው።»

የፍልሰታ ሁለተኛ ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ ሰባ አምስት ገቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሳቸው ግን ከሚዛኑ ሊወርዱ ሲሉ የክንዱን ምሰሶ ያዙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እዚያው የብረቱ ሰሌዳ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

«ምንም አይደል። ደክሞኝ ነው፤ ትንሽ ልቀመጥ።»

ጋሽ ገብረወልድ ናሱን እንደያዙ ቀሩ። የምሥራች በመጨረሻዋ ቀን፣ ያንን በር ገብታ፣ የገበያ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ይህንኑ ቃል ነበር ያለችው። እሳቸውም «ተቀመጪ» ብለው ወደ ሎሚያቸው ተመለሱ። ተመልሰው ሲመጡ ቀዝቅዛ ነበር።

«ተነሺ» አሏቸው አሁን፤ ሰምተውት በማያውቁት ድምፅ። «ግፊትሽን እናስለካ።»

እትዬ ጥሩወርቅ የተስማሙት ለመታከም አልነበረም። ሳቢያን ሰፈር ያለችው የመድኃኒት ቤት ልጅ ሳሕራ ስለ ሆርሞን አለማወቋን ሰምተው ነበርና ሊያስተምሯት ነው። በባጃጁ ውስጥም ለነጂው ያስተምሩ ነበር፤ መሐል መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ሳሕራ ግፊታቸውን ለካች፤ የእጃቸውን ምት ረጅም ጊዜ ይዛ ቆየች። «እትዬ፣ ያን ውሃ የሚያስወጣውን የግፊት ክኒን አሁንም ትወስጃለሽ?»

«እንዴታ! ጎበዝ ታካሚ ነኝ።»

«በቀን ምን ትበያለሽ?»

ነገሯት። ጠርሙሷንም ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩዋት፤ ከእርጉዝ ሴት ጀምረው ትምህርቱን ሰጧት። ሳሕራ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ይኼ ሆርሞን እውነት አለ» አለች። «ሐኪም ሲያዝ በመርፌ ይሰጣል፤ ልጅ ለመውለድ ሕክምና። ለውፍረት ግን ተሞክሮ ተሞክሮ ከባዶ መርፌ የተለየ ነገር አላሳየም። በጠብታ ደግሞ ጭራሽ።»

«ታዲያ ዐሥራ አንድ ኪሎ ማን ቀነሰልኝ? አንቺ ነሽ?»

«ረሃቡ ነው እትዬ። በዚህ ምግብ ውሃ ብታንጠባጥቢም ትቀንሻለሽ። የሚሄደው ደግሞ ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ነው፣ ጨውም ነው፣ ፖታሺየምም ነው። ክኒኑ የቀረውን ያወጣዋል። የልብሽ ምት አንዳንዴ ይዘላል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ።»

«ልጄ፣ ያልገባሽ ነገር አለ።»

ሳሕራ ከመደርደሪያው የእርግዝና መመርመሪያ ወረቀት አወጣች። «ይኼ ወረቀት የሚፈልገው ይኼንኑ ሆርሞን ነው። ጠርሙስሽ ውስጥ ካለ ሁለት መስመር ያሳየናል።»

ጠብታውን ወረቀቱ ላይ አደረገችው። ሁሉም አጎነበሱ። የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬም አጎነበሰ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። አንድ መስመር።

«እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል ወይስ ልተወው?» አለ ሰውዬው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በወረቀት የሚያዝ ሆርሞን ድሮስ ምን ሆርሞን ነው? ይኼኛው ሥራውን በስውር ነው የሚሠራው።» ብለው ወጡ። ሐኪም ቤት አልሄዱም።

ሲመለሱ ጋሽ ገብረወልድ ባጃጁ ውስጥ ሊፈነዱ ደረሱ። «ወረቀቱ ፊትሽ ላይ መሰከረብሽ! ልጅቷ ልብሽ ይዘላል አለችሽ! አሁንም ሰባ፣ ሰባ! ሰባ ማን ነው? ታቦት ነው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ውጭ፣ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዞሩ።

«ለየምሥራች ሰባ ግቢ ብሏት ነበር ሐኪሙ» አሉ በመጨረሻ። «አብሬያት ነበርኩ። ለልብሽ ነው አላት። እኔ ነኝ ስንወጣ ‹ተይው ባክሽ፣ ፈጢራ በማር እንብላ› ያልኳት። በላን።»

ባጃጁ ከዚራ ሲቆም ጋሽ ገብረወልድ ሂሳቡን ከፍለው እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው።

ጋሽ ገብረወልድ ሳምንቱን ሙሉ በግንቡ ላይ ያዩ ነበር። ዚነት ለመነች፤ አልሆነም። የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ከጅጅጋ በስልክ ለመነች፤ እሷንም ስለ ሆርሞን አስተማሯት። ሳሕራ ዛሬውኑ ብላ ነበርና ሌላ ሳምንት መጠበቅ አደገኛ ነበር። በጋሽ ገብረወልድ የዓይን ግምት፣ ያውም ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳስቶ በማያውቅ ዓይን፣ ሴትየዋ ቅዳሜ ሰባ አራት ይሆናሉ። ሰባ የሚባለው ቦታ በእግራቸው የሚደርሱበት አልመሰላቸውም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የዕቃ ሣጥናቸውን ከፈቱ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው መዘኑ። አርባ ግራሟን ሲያገኟት ለመለካት እንኳ አላስፈለጋቸውም። በጥቁር ክር አሰሯትና ከክንዱ ጫፍ ከኋላ አንጠለጠሏት። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ በዚነት ተደግፈው ወጡ። ጋሽ ገብረወልድ ናሱን ገፉ። ክንዱ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተስተካክሎ ቆመ።

«ሰባ» አሉ።

ሁለት ወር ሙሉ እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች በአንድ ሳምንት አምስት ኪሎ ሲሄድ ደነገጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ቁጥሩን አዩ፣ ክንዱን አዩ፣ የጋሽ ገብረወልድን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ።

«አንብብልኝ እስቲ እንደገና።»

«ሰባ ነው አልኩሽ። መዛኝ ነኝ እኔ።»

«እሺ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «መዛኝ ካለ አለቀ።»

ያኔ ዚነት እልልታውን ለቀቀችው። ጠርሙሷን ራሷ ወስዳ ደቻቱ ወረወረቻት። የዚያኑ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ክኒኑ ተቀየረ፣ ደም ተመረመረ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው መጀመሪያ ቀጭን ሾርባ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ምስርና እንጀራ ሆነ። ጾሙ ሲፈታ እንቁላልም መጣ። የከንፈራቸው ቀለም ተመለሰ። አፋቸውም ተመለሰ።

ጋሽ ገብረወልድ ዳዶዋን ሊያወርዷት ሲሉ ግን እትዬ ጥሩወርቅ ቀደሟቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር መጥተው «ዛሬ ተራው ያንተ ነው» አሉ።

«የማን?»

«ያንተ! ያን ሁሉ ሰው መዝነህ ራስህን ማን መዝኖሃል? ውጣ!»

የምሥራች ከሞተች ወዲህ ጋሽ ገብረወልድ ያን ሰሌዳ ረግጠው አያውቁም። ገፍተው አወጧቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ናሱን ገፉ፤ እንደ አባታቸው ዘመን ሰዎች አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አርባ ዘጠኝ!»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ዚነት። «ፍየሌ ትበልጥሃለች እኮ ጋሽዬ!»

ጋሽ ገብረወልድ አፋቸውን ከፈቱ። ሃምሳ ሦስት ናቸው። ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ግን ያን ካሉ ሰባው ሰባ አራት ይሆናል። አፋቸውን ዘጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዳዶ ያላንጠለጠሉት ለካ እንዲህ ያለውን ጣጣ ፈርተው ነው።

ፍርዱ በዚያው ተሰጠ። በግንቡ ላይ የሚመጣው ሳህን ሁለት ሆነ፤ ጠዋት ገንፎ፣ ቀትር ወጥ። እትዬ ጥሩወርቅ ግንቡን ተደግፈው የመጨረሻዋን ጉርሻ ሳያዩ አይሄዱም። «የጠጣኸው ውሃ ለምን ሥጋ አይሆንህም መሰለህ? ሆርሞን ነው። ብላ!» ከዚራ በሙሉ «አርባ ዘጠኝ» የሚል ስም አወጣላቸው። ባለሱቁ እንኳ ስኳር ሲመዝንላቸው ትንሽ ይጨምራል። ጋሽ ገብረወልድ እንደዚያ ተናደው አያውቁም፤ እንደዚያም በልተው አያውቁም።

ጳጉሜን ሲገባ ትዕግሥታቸው አለቀ። ዳዶዋን አውርደው፣ ሁሉን ሰብስበው፣ ትክክለኛ ኪሏቸውን ሊያሳዩ ቆረጡ። እትዬ ጥሩወርቅ አሁን ድነዋል፤ ቢቆጡም ይቆጡ። እጃቸውን ወደ ክንዱ ኋላ ላኩ። ክሩ ተቆርጧል። ዳዶዋ የለችም።

ቀትር ላይ ሳህኑ በግንቡ ላይ መጣ። ክዳኑን አነሡ። ምስር ወጥ ነው። በሳህኑ ጠርዝ ላይ፣ የሎሚ ቁራጭ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ታጥባ የነጣች አንዲት ዳዶ ተቀምጣለች።

ጋሽ ገብረወልድ ቀና አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ግንቡ ላይ ተደግፈዋል።

«ኪሎው በዛ ብለህ የመለስካቸውን ጆንያ ሁሉ መልሶ የተሸከመው አባቴ ነው» አሉ። «ማታ እያማረረ ያወራን ነበር፤ ‹ያ ገብረወልድ አንዲት ዳዶ ቢያንጠለጥል ምን ነበረበት› እያለ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ጠዋት ነዋ። ሳምንት ሙሉ ልብሴን የምለብሰው እኔ፤ አምስት ኪሎ ሲሄድ ቀሚሴ አይነግረኝም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እትዬ ጥሩወርቅ የግንቡን አቧራ በጣታቸው ጠረጉ። «ርቦኝ ነበራ» አሉ።

ጋሽ ገብረወልድ ሳህኑን ይዘው ዞሩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ ፊታቸው ቀላ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼን ካወቅሽ የእኔም አርባ ዘጠኝ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ ማለት ነው! ታዲያ ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ ስም...»

«እሱማ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ፣ «ሆርሞን ነው። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጋሽ ገብረወልድ ዳዶዋን ወደ ኪሳቸው ከተው በሉ። ሳህኑ ሲመለስ ከሎሚው ጋር ሁለት ሙዝ ነበረበት።